«ሰሰተች» ሳልባል ገናን አካባቢዬን ሳልጎዳ እንዴት ላክብር?

የምክር ዓምድ

«ሰላም ለአንቺ ይሁን። እንደ እህቴ ቆጥሬ ነው የምጽፍልሽ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የባለቤቴ ቤተሰብ ገናን የሚያሳልፈው እኛ ቤት ነው። ከአዲስ አበባም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከቢቸናም የሚመጣው ሲሰበሰብ ከሃያ ሰው በላይ እንሆናለን። ደስ ይለኛል። አምና ግን በማግስቱ ግቢውን ሳየው ደነገጥኩ። የሚጣል ሳህንና ብርጭቆ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ የፈነዳ ፊኛ። የበጉ ሌጦ አጥር ሥር ተጥሎ ዝንብ ወሮታል። ፈርሱን ቦይ ውስጥ ደፍተውታል። ዘንድሮ ደግሞ ልጆቼ ‹ጥድ ተቆርጦ ይምጣልን› ብለው ይዘውኛል። የባለቤቴ ወንድም ‹እኔ የፕላስቲክ ዛፍ አመጣለሁ› ብሏል። አንድ ነገር ብቀንስ አማቴ ‹ሰሰተች› እንዳይሉኝ እፈራለሁ። አካባቢዬን ሳልጎዳ፣ ሰውም ሳላስቀይም በዓሉን እንዴት ላክብር?»

እህቴ፣ ከአማትሽ ልጀምር። እሳቸው ከጎንሽ ከቆሙ ሌላው ሁሉ ይቀልላል።

በእኛ አገር ሰው «ሰሰተች» የሚባለው መቼ ነው? እንጀራው ሲያንስ፣ ወጡ ሲቀጥን፣ ጠላው ለሁሉም ሳይደርስ ሲያልቅ፣ «ብሉልኝ፣ በሞቴ» የሚል ሰው ሲጠፋ ነው። እንግዳ በሸክላ ሳህን ስለበላ አያማም። በዋንጫ ስለጠጣ አይቀየምም። እንዲያውም እንደከበረ ይሰማዋል። አምና ግቢሽን የሞላውን ዝርዝር እስኪ መለስ ብለሽ እዪው። አንዱም እንግዳ ያጠገበ ነገር አይደለም። ስለዚህ ማዕዱን አትንኪው። ዶሮውም፣ በጉም፣ ድፎ ዳቦውም፣ ጠላውም በቦታው ይሁን። የምትቀንሺው ተበልቶ ሲያበቃ የሚጣለውን ብቻ ነው።

ይህንንም አንቺ ራስሽ አታውጂው። አማትሽን ጠይቂያቸው። «እምዬ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ገና እንዴት ነበር የሚከበረው? በምን ነበር የሚቀርበው?» በያቸው። የሞሰቡን፣ የዋንጫውን፣ የጋኑን ነገር ይነግሩሻል። ከዚያ የዕቃውን ኃላፊነት ለእሳቸው ስጪ። የትኛው ሞሰብ ለማን እንደሚቀርብ፣ ጠላው በምን እንደሚቀዳ እሳቸው ይወስኑ። ምራት «ፕላስቲክ አልፈልግም» ስትል ቤተሰቡ አዲስ አመል አመጣች ሊል ይችላል። አማት «በሞሰብ ይቅረብ» ሲሉ ግን የቤቱ ወግ ይሆናል። ማንም አይከራከርም።

ከሃያ በላይ ለሚሆን ሰው ዕቃ ከየት ይመጣል ትይኝ ይሆናል። ከዕድር። ብዙ ዕድሮች ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ጆግ፣ ትልልቅ ድስትና አግዳሚ ወንበር አላቸው። ለአባል ያውሳሉ፣ ወይም በትንሽ ክፍያ ያከራያሉ። የዕድር ዕቃ ለኀዘን ብቻ የሚወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለሠርግም ለክርስትናም ይወጣል። የናንተም ዕድር ካለው ለገና የማይወጣበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። የሚጣል ሳህን ቤታችን የገባው ሴቶች ስለደከሙ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ዶሮ ስትበልት፣ እንጀራ ስትጋግር ያደረች ሴት በማግስቱ የሃያ ሰው ሳህን ማጠብ ቢያስጠላት አልፈርድባትም። ስለዚህ የዕቃው ነገር ሲነሣ የእጥበቱም ነገር አብሮ ይነሣ። ባለቤትሽ፣ ወንድሙ፣ ጎረምሶቹ ተራ ይግቡ። ይህንን ከበዓሉ በፊት ለባለቤትሽ ንገሪው። በዕለቱ ሰው በተሰበሰበበት ከሆነ ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ይሄዳል። ሥራውን ከሥሩ የሚቀንስ ሌላም መንገድ አለ። አምስት አምስት ሆናችሁ በአንድ ትሪ ብሉ። ሃያ ሳህን የነበረው አራት ትሪ ይሆናል። ጉርሻም የሚያምረው እንዲህ ሲበላ ነው።

መጠጡ ብዙ አያስቸግርም። ጠላው ጋን ውስጥ አለ። ለልጆቹ ብርዝ በጥብጪላቸው። የጎጃም ማር እያለ የጠርሙስ ጣፋጭ ምን ያደርግላቸዋል? ለስላሳ የግድ ካላችሁ ጠርሙሱ ከነሳጥኑ የሚመለሰውን ግዙ። ውኃውን አፍልተሽ አቀዝቅዢና በጆግ ይቅረብ። ወደ ገበያ ስትሄዱ ዘንቢል ያዙ። ቅርጫ ከገባችሁ ደግሞ መደባችሁን በጥቁር ፌስታል አታምጡት። ሰፌድ ላይ የኮባ ቅጠል አንጥፋችሁ፣ ወይም ድስት ይዛችሁ ሂዱ። ትኩስ ሥጋ ፌስታል ውስጥ ሲታፈን ያልበዋል። ቶሎም ይበላሻል።

ፌስታልን በተመለከተ ሕጉም ከአንቺ ጋር ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከለከለው ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳውን ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ ከልክሏል። ነገር ግን ዘመድ ሲመጣ ሕግ ከመጥቀስ ልጆቹን ቦዩ ድረስ ወስዶ ማሳየት ይሻላል። ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ነው። በጋ ነው። ዝናብ የለም። በበዓሉ ማግስት ቦይ ውስጥ የወደቀ ፌስታል የትም አይሄድም። እዚያው ቦዩን ዘግቶ ይከርማል። ሐምሌ ሲገባ ጎርፉ ያነሣዋል። ከከተማው ወደ ጨሞጋ፣ ከጨሞጋ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ዓባይ ደግሞ ዛሬ የሚገባው እያንዳንዱ ቤት ከኪሱ አዋጥቶ ባሠራው የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ነው። ከጎርፉ የተረፈውን ላም ትበላዋለች። የወጥ ወይም የጨው ጠረን ያለው ፌስታል ከብት ይስባል። ሆዷ ውስጥ ገብቶ አይፈጭም፣ አይወጣም። እየተጠራቀመ ይገድላታል።

አሁን ወደ ጥዱ እንሂድ። ልጆችሽ ዛፍ መፈለጋቸው ጥፋት አይደለም። በቴሌቪዥን ያያሉ፣ ጎረቤት ያያሉ፣ መብራቱ ያምራቸዋል። ቢሆንም ከየት እንደሚመጣ ይወቁ። የገና ዛፍ ከአውሮፓ፣ በተለይ ከጀርመን የተነሣ ልማድ ነው። እዚያ ዛሬ ብዙው ዛፍ ለዚሁ ተብሎ በእርሻ የሚተከል ነው። ተቆርጦ ሲሸጥ በምትኩ ሌላ ይተከላል። የሐበሻ ጥድ ግን እንዲህ ዓይነት ዛፍ አይደለም። በጣም ቀስ ብሎ ያድጋል። ወፈር ያለ ግንድ ለማውጣት ዓሥርተ ዓመታት ይፈጃል። ጫፉ ሲቆረጥ ደግሞ ቀጥ ብሎ መውጣቱን ይተዋል፤ ጎን ለጎን ይንዠረገጋል። ለአንድ ሳምንት ጌጥ ተብሎ የዕድሜ ልክ ቅርጹ ይበላሻል።

የጎጃምን ደጋ አንቺም ታውቂዋለሽ። በመኪና ስታልፊ የሚታየው አረንጓዴ ባብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ወደ አዊ ስትሄጂ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዘመድ ነው። ሁለቱም ከውጭ የመጡ ናቸው። ትልልቁን የሐበሻ ጥድ፣ ወይራውን፣ ዋንዛውን ማየት ከፈለግሽ የምትሄጂው ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። አባቶች ሳይቆርጡ ስለጠበቁት ቆየ። ጌታ የተወለደበትን ቀን ለማክበር ከዚያ ከተረፈው ላይ ጫፍ መቁረጥ ለእኔ በዓሉን የሚመጥን ነገር አይደለም።

ልጆቹ ግን ዛፋቸውን ያግኙ። ግቢያችሁ ውስጥ ምን ቆሟል? ግራቪሊያ? የፈረንጅ ጥድ? ኮክ? ጌሾ? የቆመውን አስጊጡት። በዓሉ በበጋ ነው፤ ልጆቹ የሚውሉትም ውጭ ነው። ዛፉ ሳሎን ካልገባ የሚል ሕግ የለም። ለጌጡ ፈንዲሻ በክር ይሰኩ፤ ሲያልቅ ወፍ ይበላዋል። ጥጥ ይጨምሩ። ከሁሉ የሚያምረው ግን ስንደዶ ነው። ቀይና ቢጫ የተነከረ ስንደዶና አክርማ እጃቸው ላይ ያለ አያቶችና አክስቶች አሏችሁ። ልጆቹን አጠገባቸው ያስቀምጧቸውና ኮከብ መስፋት ያስተምሯቸው። መጀመሪያ ጠማማ ይወጣል። ግድ የለም። ለከርሞ ተቀምጦ በየዓመቱ የሚጨመርበት ጌጥ ይሆናል። አማትሽም እዚህ ላይ የሚወዱትን ሥራ ያገኛሉ ብዬ እገምታለሁ።

«የግድ ቤት ውስጥ ይሁን» ካሉሽ የፈረንጅ ጥድ አጥር ያለው ጎረቤት ፈልጊ። አጥሩ መከርከሙ አይቀርም። ከሚከረከመው የጎን ቅርንጫፍ ጥቂቱን ውሰጂ፣ አሸዋ የተሞላ ማሰሮ ውስጥ ሰክተሽ እሰሪው። ከበዓሉ በኋላ ሲደርቅ ማገዶ ነው።

ሰው ሁሉ «በገና ዛፍ እንትከል» ማለት ጀምሯል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ወቅቱ ግን አይደለም። ታኅሣሥ ላይ የተተከለ ችግኝ እስከ ሰኔ በየጊዜው ካልጠጣ ይደርቃል። ለልጆቹ አሁን ቦታውን ምረጡላቸው፣ ጉድጓዱንም በግንቦት ይቆፍሩ። ሐምሌ ላይ ወይራ ወይም የሐበሻ ጥድ ይትከሉበት። «የገና ዛፋችን» ብለው ስም ያውጡለት። ሲያድግ እሱኑ ያስጊጣሉ።

ስለ ባለቤትሽ ወንድም፦ ካልገዛ አሁኑኑ ደውዪለት። «ዛፍ ልጆቹ እያዘጋጁ ነው፣ አንተ ለእነሱ የሚነበብ መጽሐፍ አምጣላቸው» በዪው። ከገዛ ግን አመስግነሽ ተቀበዪው። የተሠራ ፕላስቲክ ተመልሶ አይፈርስም። ጉዳቱ የሚቀንሰው ለብዙ ዓመት ሲያገለግል ነው። በየዓመቱ ከካርቶኑ ይውጣ፣ ተጠርጎ ይመለስ። ሰው እንዳያፍርብሽ፣ አንቺም እንዳትቀየሚ። ፊኛው ግን ይቅር።

ሌጦው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም ያሳዘነኝ እሱ ነው። ድሮ የበዓል ሌጦ ገዢው እየዞረ «ቆዳ አለ?» እያለ ይወስደው ነበር። ዋጋው ከወደቀ ወዲህ ብዙ ሰው ይጥለዋል። ከተሞቻችን ከበዓል ማግስት የሚሸቱት ለዚህ ነው። በግ አርዶ ሌጦውን መጣል የከብቱን ግማሽ ክብር መጣል ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

እንዲህ አድርጉ። የሚያርደው ሰው የሆዱን ቆዳ ከሰነጠቀ በኋላ ቢላዋውን አስቀምጦ በቡጢ ይግፈፍ። ቢላዋ የበሳው ሌጦ ዋጋው ይቀንሳል። ከተገፈፈ በኋላ ቶሎ፣ ቢዘገይ በሦስትና በአራት ሰዓት ውስጥ፣ ሥጋና ሞራ የቀረበትን ጠርጋችሁ በሥጋው በኩል ጨው ነስንሱበት። ሁለት ኪሎ ተኩል ለሚመዝን ሌጦ አንድ ኪሎ ያህል ጨው ይበቃዋል። ጠርዙ ሳይረሳ በደንብ ይታሽ። ከዚያ ጥላ ቦታ ተዘርግቶ ይቆይ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ይነቅዛል፣ ይሰነጣጠቃል። እንዲህ የተያዘ ሌጦ ገዢ እስኪገኝ ሳምንታት ይቆያል።

ገዢ ባይገኝስ? አጎዛ አስደርጊው። በጎጃም ገጠር ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች አሁንም አሉ። በእምቧይ ፍሬና በሌላም ዕፅ ያለፉታል። ሙያቸው ሲናቅ ኖሯል። ይህ በጣም ያንገበግበኛል፤ የተቀመጥንበት አጎዛ፣ እህል የያዝንበት ስልቻና አቆማዳ የእነሱ እጅ ሥራ ነው። ለገበያ ሲመጡ አጠያይቂ። የሚገባቸውን ክፈዪ። የዘንድሮው በግ ለአማትሽ መቀመጫ ሆኖ ለከርሞ ገና ሲነጠፍ «ሰሰተች» የሚል አፍ አይኖርም።

ፈርሱና ደሙ ቦይ ውስጥ አይግባ። ፈርስ ማለት በከፊል የተፈጨ ሣር ነው፤ ለጓሮ መሬት ከዚያ የተሻለ ምግብ የለም። ከጎመኑ ቦታ ራቅ ብሎ ጉድጓድ ይቆፈር። ፈርሱን፣ የሽንኩርቱን ልጣጭ፣ የጌሾውን አተላ፣ የቡናውን ዝቃጭ ከደረቅ ገለባና ከአመድ ጋር እያፈራረቃችሁ ጨምሩ። አፈር አልብሱት። እርጥብ ይሁን፣ ግን አይጨቅይ። በየሦስት ሳምንቱ ይገላበጥ። ለሰኔ ይደርሳል። የመኸሩ ገለባ አሁን በየቦታው ስላለ ጊዜው አመቺ ነው። ደሙና የማይበላው አንጀት በሌላ ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፤ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር ካያችሁ ለውሻ አትስጡ። ውሻው ውስጥ ትል ይሆናል፣ ከውሻው ወደ ልጆቹ ይመጣል። ይቃጠል ወይም ይቀበር።

ቄጠማውን አትተዪ። አንዳንድ ሰው ለአካባቢ ብሎ የፕላስቲክ ምንጣፍ ሣር ይገዛል። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ቄጠማ በማጭድ ከሥሩ በላይ ከታጨደ ተመልሶ ይበቅላል። ከበዓሉ በኋላ ወይ ለከብት ነው ወይ ለብስባሽ ጉድጓዱ። ሻጮቹን ግን እይ፤ ከነሥሩ የተነቀለ ከሆነ አትግዢ። ረግረጉ እንዲህ እየተነቀለ ይጎዳል። ደግሞ አንድ እስር ይበቃል። ቤቱን ሙሉ ማልበስ አያስፈልግም።

የማገዶው ነገር የሚታሰበው ከዋዜማው በፊት ነው። ዶሮ ወጥ ሰዓታት ይፈጃል፣ እንጀራውም ብዙ ነው። ምርጥ ምድጃ ካላችሁ ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለከሰሉ ላቀች ምድጃ ይሻላል። ከሰል ስትገዢ ከየት እንደመጣ ጠይቂ። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ በአራትና በአምስት ዓመቱ እየቆረጠ ከሰል ያወጣል፤ መልሶም ይተክላል። ከዓባይ በረሃ ከግራር የሚመጣው ግን የሚተካው የለም። ከሰሉን በፌስታል ማያያዝ ደግሞ ዛሬውኑ ይቁም። ያ ጭስ መርዝ ነው፤ ወጡም ላይ፣ አጠገብ የተቀመጡት ልጆችም ሳንባ ውስጥ ይገባል። ጭራሮ ወይም ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይበቃል።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ከስልክ አስነሥተሽ ወደ ሜዳ ላኪያቸው። አጎታቸው የገና ዱላ ይቁረጥላቸው፣ ከደረቀ እንጨት። አንዴ የተቆረጠ ዱላ ለዓመታት ያገለግላል። ሩሯም ከጨርቅ ትጠቅለል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውን እሱ ያስተምራቸው።

ሁሉም በአንድ ዓመት ይሆናል ብለሽ ግን አትጨነቂ። ዘንድሮ ዕቃውና ሌጦው ብቻ ቢሳካ እኔ እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ። ለዕድሩ ንብረት ያዥ ከታኅሣሥ 20 በፊት ንገሪ፤ በበዓል ሰሞን ሌላም ጠያቂ አይጠፋም። ጨውም ቀድመሽ ግዢ፤ በግርግሩ የሚረሳው እሱ ነው። ከበዓሉ በኋላ ጻፊልኝ። በተለይ ሌጦው የት እንደደረሰ ማወቅ እፈልጋለሁ።